እሁድ እሁድ ስልካችንን ለሞሉልን ለእማማ አንጓች

«የትኛዋ አንጓች?» ብዬ ደጋግሜ ጠየቅሁት። ሌላ አንጓች እንደሌለችኝ እያወቅሁ።

ዛሬ ጠዋት የደወለልኝ ልጃቸው ሙላት ነው። እናቱ ሌሊት አርፈዋል። አላመንኩም። አሁንም እየጻፍኩ አላመንኩም።

ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም። ከእንጅባራ አለፍ ብሎ፣ ዘንገና ሐይቅ ሳይደረስ፣ ከአስፋልቱ ከፍ ብላ የምትታይ ቆርቆሮ ቤት ነበረቻቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ሙላት ግምጃ ቤት ከተማ ነው የሚሠራው።

እኔና ጓደኛዬ ጌትነት እሁድ እሁድ ከዳንግላ ዘንገና ድረስ በሳይክል እንሄድ ነበር። ደርሶ መልሱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። መንገዱን በስልክ እንመዘግባለን፣ ሙዚቃ እንከፍታለን፣ በየዳገቱ ፎቶ እንነሳለን። እንጅባራ ስንደርስ ባትሪ የለም። ከባሕር ዳር የገዛነው ፓወር ባንክ ደግሞ አንዱን ስልክ እንኳ ሳያጋምስ ራሱ ይሞታል።

አንድ እሁድ የጌትነት ጎማ ፈነዳ። ባጃጅ እንዳንጠራ የሁለታችንም ስልክ ዘግቷል። ሳይክሉን እየገፋን ስናልፍ እማማ አንጓች ከደጃቸው ሆነው አዩን።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ?»

«ስልክ ዘጋብን እማማ።»

«ጠምቶት ነዋ! አምጡት፣ ይጠጣ!»

ከመብራቷ ጋር የምትሸጥ ትንሽ ሶላር ነበረቻቸው። ደጅ አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተዋታል። መብራቷን ነቅለው ስልኬን ሰኩ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ አደረግነው። ስልኮቻችንን እናስረክባቸውና ሐይቁ ዳር ሄደን እንጋደማለን። እሳቸው ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ሶላሯን ያዞራሉ፤ ዶሮ እንዳይረግጣት አጠገቧ ቁጭ ይላሉ። ስንመለስ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው «ጠጥቷል፤ እንግዲህ ያደርሳችኋል» ይሉናል። ጌትነት እንዲያውም ስፒከሩንም መጨመር ጀምሮ ነበር።

አንድ እሁድ ስልኬን እዚያው ረስቼ ከእንጅባራ ብቻዬን ወደ ቤታቸው ተመለስኩ። ጀምበር ጠልቃ ሰው ከሰው መለየት አስቸግሯል። ቤቱ ጨለማ ነው። እማማ ምድጃው ሥር ተጎንብሰው፣ ሰፌዱን ወደ እሳቱ አስጠግተው ገብስ ይለቅማሉ። ጭሱ ዓይናቸውን አስለቅሶታል።

«እማማ፣ መብራቷ ተበላሸች እንዴ?»

ደንግጠው ተነሱ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

«ውይ በሞትኩት! እንግዳ በጨለማ መጣብኝ! ምን ዓይነት ነውር ነው!»

መብራቷን አንስተው ተጫኗት። ብልጭ ብላ ጠፋች። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሁድ ለት እሷም ታርፋለች» አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሶላሯ ቀኑን ሙሉ የእኛን ስልክ ስትሞላ ትውላለች፤ ለመብራቷ የሚተርፍ ነገር የለም። እኛ ፎቶ እንድንነሳ እሳቸው በጭስ ያመሻሉ። ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ፊታቸውን የሸፈኑት ግን እሳቸው።

ስልኬን ሰጡኝ። ሙሉ ነው።

«በእሱ እያየህ ውረድ ልጄ፣ ድንጋይ እንዳያደናቅፍህ።»

የስልኬን ባትሪ አብርቼ ወረድኩ። እሳቸውን ጨለማ ውስጥ ትቼ።

ለጌትነት ነገርኩት። እሱም አንገቱን ደፋ። በሚቀጥለው እሁድ በምን ዓይናችን እናያቸዋለን ብለን ቀረን። ሌላ ሶላር ገዝተን ይዘን እንሄዳለን ተባባልን፤ ሳንገዛ ክረምት ገባ። ከክረምቱ በኋላ የእሁድ መንገዳችንን ወደ ግምጃ ቤት ከተማ አዞርነው።

ሙላት ዛሬ ያለኝን ልንገራችሁ።

«እናቴ እኮ ስማችሁን ሳታነሳ አትውልም ነበር። አንዴ ደመና ሆኖባት ስልክህን ሳይሞላ ሰጥታህ ነበር አሉ። ‹የዳንግላው ልጅ በዚያ ተቀይሞኝ ቀረ› ትላለች። እውነት ተቀይመሃት ነው?»

እኔ ያንን ቀን ጨርሶ አላስታውሰውም።

«ኧረ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኩት። ዛሬም! አስከሬናቸው ቤት እያለ ለልጃቸው ዋሸሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የምገባበት ጠፋኝ።

እማማ፣ አልተቀየምንዎትም። መቀየም የሚገባዎት እርስዎ ነበሩ፤ አያውቁበትም እንጂ። ዓይንዎን ማየት አፍረን ነው የቀረነው፣ ሌላ ምንም የለም። ይህን በቁምዎ፣ ደጅዎ መጥቼ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።

ነገ እኔና ጌትነት ለቀብርዎ እንመጣለን። ለሙላት እውነቱን እነግረዋለሁ፣ ጎረቤትዎ ሁሉ እየሰማ። የፈለገውን ይበለኝ።

ደህና ይሁኑ እማማ አንጓች። ምንም አልበደሉንም። ይህንን ሳይሰሙ በመሄድዎ ነው አንገቴን ቀና ማድረግ ያቃተኝ።