የታጠበው ድምፅ

ባሏ የሚናገረው በላፕቶፕ ነበር፤ ላፕቶፑ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየተንቀራፈፈ ሄደ።

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ጉሮሮው ውስጥ እብጠት ተገኘበትና ሐኪሞች ማንቁርቱን ቆርጠው አወጡለት። ነፍሱ ተረፈች፣ ድምፁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማለት የፈለገውን በትልልቅ ፊደል ይጽፍና ስክሪኑን ወደ ሰው ያዞራል። ቀልደኛ ነው። ቀልድ ደግሞ በሰዓቱ ካልደረሰ ቀልድነቱ ይቀራል። እሱ መትቶ ሲጨርስ ፊደሎቹ ገና አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ብቅ ይላሉ፤ ስክሪኑን ሲያዞር ሰዉ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ የሱ መልስ ግን ስለ ኳሱ ነው። መጀመሪያ ይናደድ ነበር። ኋላ ማዞሩንም ተወው። ሚስቱን ያስደነገጣት ንዴቱ ሳይሆን ይህ መተዉ ነው።

ሚስቱ ላውንደሪ ቤት አላት። የሰፈሩ ሰው “ወይዘሮ ቲኬት” ይላታል። ያለ ቲኬት አንዲት ካልሲ አትቀበልም፣ ያለ ቲኬት አንዲት ካልሲ አትሰጥም። ካርቶኑን ለሁለት ትቀደዋለች፤ ግማሹ በመርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ ይያያዛል፣ ግማሹ ለባለቤቱ ይሰጣል። የገዛ እህቷ እንኳ ኮቷን ልትወስድ መጥታ፣ ቲኬቱን ቤት ስለረሳችው በመጣችበት እግሯ ተመልሳለች። በዚህ ቤት ቲኬቱን የያዘ ኮቱን ያዘ ማለት ነው። ይህን ልብ ማለት ያሻል፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የተመዘዘው ከዚህ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሏ አንድ ነገር አድርጎ ነበር። ከላውንደሪው ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ተተኩሰው በተሰቀሉት ኮቶችና መጋረጃዎች መሀል ወንበር ስቦ እየተቀመጠ ድምፁን ላፕቶፑ ላይ ቀዳ። ቦታውን ራሱ ነው የመረጠው። ጨርቅ ድምፅን ይውጠዋል፤ ልብስ በሞላበት ክፍል ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አይመለስም፣ ጥርት ብሎ ይቀዳል። የነዳባቸውን መንገዶች ተረከ፣ የትኛው ጠመዝማዛ ላይ ማርሽ እንደሚቀነስ ሳይቀር። የመጨረሻው ግን ለሌላ ሰው ነበር። ሴት ልጃቸው ማርገዟን የነገረቻቸው በዚያው ሰሞን ነው። ለዚያ ገና ላልተወለደ የልጅ ልጁ፣ ወንድ ይሁን ሴት ሳያውቅ፣ አንዴ “ና እስቲ” አንዴ “ነይ እስቲ” እያለ አወራለት። ለማንም አልላከውም። ሲመጣ እኔው አሰማዋለሁ አለ፤ በድምፁ ካላቸው የመጨረሻ ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

ላፕቶፑን ምን ይሻለዋል ብላ ወይዘሮ ቲኬት ለእህቷ ልጅ ደወለች። ልጅቷ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ለቤተሰቡ ሁሉ የኮምፒውተር ሐኪም እሷ ናት። በዓመታት ውስጥ የተከመረ ፕሮግራምና ቆሻሻ አንቆት ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ መመለስ ይቻላል አለቻት። ማሽኑ የራሱን መነሻ ውስጡ ይዞ ይዞራል፤ ከታዘዘ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያንን መነሻ እንደ አዲስ ይዘረጋዋል። እሁድ መጥቼ እሠራዋለሁ፣ እስከዚያ የምትፈልጉትን ፍላሽ ላይ ገልብጡ ብላም አስጠነቀቀች።

የቆሸሸ ነገር ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል ሲባል፣ ለላውንደሪ ባለቤት እሁድ ሩቅ ነው። በማግስቱ ባሏ ለምርመራ ሐኪም ቤት ሲሄድ ላፕቶፑን መተኮሻ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። ሲመለስ አዲስ አድርጋ ልታስደንቀው ነው።

ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪስ ይፈተሻል። እሷም መጀመሪያ ኪሱን ልታራግፍ ፍላሹን ሰካች። የባሏ ቅጂዎች ስክሪኑ ፊት ላይ ተደርድረው ነበር፤ እንዳይቸገር ብላ እዚያ ያስቀመጠችለት የእህቷ ልጅ ናት። ሁሉንም ወደ ፍላሹ ገለበጠች። ዓይኗን ከድና ሳትገልጥ አለቀ። የስንት ቀን ወሬ በዚህ ፍጥነት መገልበጡ ሊያጠራጥራት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ላፕቶፑም እንደዚህ ይፈጥናል ለካ ብላ ተደሰተች። ሞኝ አይደለችምና ፈተሸችው፤ ከፍላሹ አንዱን ከፈተች። የባሏ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሌላውን ከፈተች፤ እሱም ተናገረ። ልቧ ረጋ።

ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ሴቲንግ ገብታ ወደ ፋብሪካ መመለሻውን አገኘችው። ማሽኑ መጠየቅ ጀመረ። ፋይሎችህን ላቆይ ወይስ ሁሉንም ላስወግድ? ኪሱ ተራግፏል፤ ሁሉንም አስወግድ አለችው። ቀጥሎ፣ ማስወገድ ብቻ ነው ወይስ ማጽዳትም ይጨመር? ይህን ጥያቄ ያነበበችው በንቀት ነው። ለማን ነው የሚጠየቀው? ይጽዳ አለች። ቻርጀሩ መሰካቱን አይታ እሺ የሚለውን ነካች። ስክሪኑ ጠቆረ፤ መሀሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው ይዞሩ ጀመር፣ ልክ እንደ ማጠቢያው ከበሮ። የሚሽከረከር ነገር ሲያልቅ መጠበቅ የለመደችው ሥራ ነው። ሸሚዝ እየተኮሰች ጠበቀች።

ላፕቶፑ እንደ ሙሽራ ጠርቶ ተነሣ። ፊደል ስትመታ ከጣቷ ሥር ይወጣል። ደስ ብሏት ፍላሹን ሰካችና የመጀመሪያውን ቅጂ ነካች። ድምፅ የለም። የሚፈለገው ነገር በቦታው የለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሁሉም እንደዚያው። ለእህቷ ልጅ ደወለች።

የእህቷ ልጅ ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ እየሮጠች መጣች። ፍላሹን ከፍታ አየችና መተኮሻው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

“አክስቴ፣ እዚህ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት አየሻት?”

አየቻት። ሁሌም የምታያት ነገር ናት፤ ጌጥ ትመስላት ነበር።

“ይሄ ቅጂው አይደለም። ቅጂው እዚህ ቦታ አለ ብሎ የሚጠቁም ነገር ነው። እንዴት ልበልሽ… ይሄ ቲኬቱ ነው። ኮቱ ላፕቶፑ ውስጥ ነበር።”

ፍተሻውም ያታለላት ለዚህ ነው። ላፕቶፑ ሳይታጠብ በፊት ፍላሹ ላይ ያለውን ቀስት ስትነካ፣ ቀስቱ ዞሮ የሚያመጣው እዚያው ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ያለውን ድምፅ ነበር። ቲኬቶቹን አንድ ሳይጎድል በጥንቃቄ አስቀምጣ፣ ኮቶቹን ከነመስቀያቸው ለቃጠሎ ሰጠች ማለት ነው። ልጅቷ ገና ተስፋ አልቆረጠችም ነበር፤ ተወግዶ ብቻ ከሆነ ባለሙያ ፈልፍሎ የሚያወጣው ነገር አይጠፋም። እና ሲጠይቅሽ የቱን መረጥሽ አለቻት። ማጽዳትም ይጨመር አልኩ፣ አለች ወይዘሮ ቲኬት። ልጅቷ ፍላሹን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ተወግዶ የቀረ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዱካው ይኖራል፤ ሲጸዳ ግን ማሽኑ በላዩ ላይ ሌላ ነገር እየጻፈ ነው የሚያልፈው። ሥራውን በደንብ ሠርቶታል።

ባሏ ሲመለስ ነገረችው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ ቆማ፣ እጇን አጣምራ፣ ከቲኬቱ እስከ ማጽዳቱ ተናገረች። እሱ ላፕቶፑን ወደራሱ ሳበና ጻፈ፤ ስክሪኑን ወዲያው አዞረው።

“ፈጥኗል።”

እንባዋ መጣ። መልሶ ሳበውና ሌላ ጻፈ።

“ስንት ዓመት አፍህ አይጠራም ስትዪኝ ኖረሽ፣ አጥበሽ አጠራሽው።”

ሳቀች፣ እያለቀሰች። እሱ ግን አልሳቀም። ክዳኑን ዘጋው፤ ከዚያም ቀናት አለፉ፣ አልከፈተውም። ሲጠራት ጠረጴዛ ያንኳኳል፣ ሲበቃው ራሱን ይነቀንቃል። ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ለሚስቱ ሰጥቶ ጓሮ ይወጣል። አንድም ቀን አልወቀሳትም፤ ያ ነው ወይዘሮ ቲኬትን ውስጥ ውስጡን የበላት።

አንድ ቀን የትምህርት ቤት ዘበኛ የሆነ ደንበኛዋ ለወራት ሳይወስደው የቆየውን ካፖርቱን ሊወስድ መጣ። ቲኬቱ ጠፍቶበት ኖሮ፣ እንዳትመልሰው ፈርቶ ስልኩን አወጣና እባክሽ ይኸው ምስክሬ ብሎ አንድ የቆየ የድምፅ መልእክት ነካ። “ጌታዬ፣ ካፖርትህ ደርሷል። ቲኬትህን እንዳትረሳ፤ ሴትዮዋን ታውቃታለህ፣ እኔንም ያለ ቲኬት አታስገባኝም።”

የባሏ ድምፅ ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እስከ ቀዶ ሕክምናው ድረስ ለደንበኞች ልብሳችሁ ደርሷል እያለ የሚልከው እሱ ነበር። ወይዘሮ ቲኬት ካፖርቱን ያለ ቲኬት ሰጠችው፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ዘበኛው መልእክቱን ላከላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ሊወስድ የመጣን ሁሉ፣ የሱ ድምፅ ስልክህ ላይ አለ ወይ፣ ስልክሽን በሞቴ ፈትሺ እያለች ትጠይቃለች። የመጣላትን ፍላሽ ላይ ታስገባለች፤ ፍላሹን ነቅላ የእህቷ ልጅ ቢሮ ትሄድና ድምፁን ፈጽሞ በማያውቀው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትከፍተዋለች። እዚያ ከተናገረ ኮቱ ነው፤ ካልተናገረ ቲኬት ነው። ባሏ መጀመሪያ ነገሬም አላላትም። አንድ ጠዋት ግን አንድ ደንበኛ ያመጣላትን እዚያው ፊቱ ስታሰማው ላፕቶፑን ከፈተና፣ “ይሄኛው ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ አይቆጠርም” ብሎ ጻፈ። በሰዓቱ ደረሰ። ደንበኛዋ እየሳቀ ወጣ።

ችግሩ፣ የተገኘው ሁሉ ስለ ኮትና ስለ ሱሪ ነው። ለሕፃን የሚሰማ አይደለም። ልጃቸው ደግሞ የመውለጃ ቀኗ እየቀረበ ነው።

ዛሬ የመጣው የድሮ ረዳቱ ነው። ለዓመታት በአንድ አውቶቡስ ላይ እሱ ሲነዳ ይሄ በር ላይ ተንጠልጥሎ ተሳፋሪ ሲጠራ ኖረዋል። የረዳቱ ሴት ልጅ የተወለደች ጊዜ ሾፌሩ ሩቅ መንገድ ላይ ስለነበር ለአራስ ሕፃኗ በድምፅ ነው እንኳን መጣሽ ያላት፤ ረዥም መልእክት፣ ከነማባበሉ፣ ከነማንጎራጎሩ። መልእክቱ ያለው አሮጌ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ወድቆ ስክሪኑ ጠቁሯል። ያም ሆኖ ይበራል፣ ጣትም ይሰማል፤ ማሳየት ነው ያቃተው። ስልኩን የሚከፍተውን የይለፍ መስመር ረዳቱ ዓይኑን ጨፍኖም በጣቱ ይስላታል።

በኬብል ከላፕቶፑ ጋር ሲያያዝ ስልኩ ይፈቀድ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እስኪፈቀድለት ደግሞ ምንም አያሳይም። ጥያቄውን የሚያይ የለም። ወይዘሮ ቲኬት ግን ይህን ስታሰላስል ነው የከረመችው። የረዳቱ አዲስ ስልክ የዚያው ዓይነት ነው። እሱን በመጀመሪያ ሰካችው፤ “ፍቀድ” የሚለው ከታች በስተቀኝ ብቅ አለ። ከቲኬቷ ካርቶን በስልኩ ልክ ቆርጣ ጫነችበትና ቃሉ ባለበት ቦታ ላይ በመቀስ ጫፍ ቀዳዳ አወጣች። ከዚያ ካርቶኑን የሞተው ስክሪን ላይ አስተካክላ አጋደመችው።

በቀዳዳው ነካች። ላፕቶፑ ዝም።

“እትዬ፣ አይዞሽ፣ እንደገና” አለ ረዳቱ። መስመሩን ድጋሚ ሳለላት፣ ኬብሉን ነቅላ ሰካችው።

ባሏ ከላፕቶፑ ጀርባ ቆሞ ካርቶኑን በጎን ያያል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲያስገባ እየጮኸ የሚመራው ረዳቱ ነበር። አሁን ጻፈና ስክሪኑን ለሁለቱም አዞረው።

“ትንሽ ወደ ቀኝ። ነይ። ነይ። በቃ።”

ወይዘሮ ቲኬት ካርቶኑን በጥፍሯ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገችው፣ ጣቷን በሽርጧ ጠረገችና ትንፋሿን ይዛ ቀዳዳው ውስጥ አስገባችው።