ካሪው የቀዘቀዘበት ማክሰኞ

መምህርት ኩራሞቺ የሦስተኛ ክፍል «ለ» ኃላፊ ናቸው፤ እኔ ናጋቶሞ ደግሞ የ«ሀ»። በመካከላችን ያለችው አንዲት ስስ ግድግዳ ናት። በዚህ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ እየተጋራን፣ የእሳቸው ክፍል ሲያጸዳ፣ ሲበላና ሲሰናበት ስሰማ ኖሬአለሁ። የእኔ ልጆች ገና መጥረጊያ ሲሻሙ የእሳቸው ወለሉን ወልውለው፣ የጽዳት ጨርቃቸውን አስጥተው ቁጭ ብለዋል። አልቀናሁም ብል ውሸቴን ነው። በጣም እቀና ነበር።

ሥርዓቱ እንዲሁ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በመጋቢት መጨረሻ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ፣ እኛ ሌሎቻችን በመምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣን ወሬ ስንሰልቅ እሳቸው ባዶ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። አንድ ቀን በበሩ መስታወት ብመለከት፣ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴትዮ በጉልበታቸው ተንበርክከው ግድግዳው ላይ ወዳለው የጨርቅ መስቀያ ይንጠራራሉ።

«ምን ሆኑ? ወደቁ እንዴ?» ብዬ ዘው አልኩ።

«ዝም በል፣ አሁን ስምንት ዓመቴ ነው» አሉኝ። «ይህ መስቀያ አራት ጣት ዝቅ ማለት አለበት። አጫጭሮቹ ሲዘሉ ይጋፋሉ፣ ሲጋፉ ይጣላሉ፣ ሲጣሉ ሁለት ደቂቃ ትሄድብኛለች።»

ከዚያ ሠላሳ ሁለቱ ወንበሮች ላይ በየተራ ቁጭ እያሉ ሰሌዳው ይታይ እንደሆነ አዩ። ምሳ በየክፍሉ የሚታደል ነውና ባዶውን የሾርባ ድስት ከጋሪው እስከ ማደያው ጠረጴዛ ተሸክመው ስንት እርምጃ እንደሚፈጅ ቆጠሩ። አንገታቸው ላይ የወጥ ቤት ሰዓት ታስሯል። ባለቤታቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ባልና ሚስቱ ቤታቸው ውስጥ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፤ ዘግይቶ የሚቀርብ እራት እንደሌለ ግን እምላለሁ።

የዚህ ሁሉ ሥርዓት ልብ ተረኛ ነው። በየቀኑ ሁለት ልጆች ተረኛ ይሆናሉ። ጠዋት «ተነሡ፣ እጅ ንሡ፣ ተቀመጡ» ብለው ክፍሉን የሚያዙት እነሱ ናቸው፤ ሰሌዳ ይጠርጋሉ፣ ምሳ ያስጀምራሉ፣ ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት የቀኑን መዝገብ ይጽፋሉ። የሁሉም ስም በየካርዱ ተጽፎ ሰሌዳው ጎን በክብ ተለጥፏል፤ ክቡ በየቀኑ አንድ ጥንድ ይዞራል። በመጀመሪያው ቀን መምህርት ኩራሞቺ ልጆቹን ያስጠኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የተረኛን ሥራ ከተረኛ በቀር ማንም አይነካም፤ ርእሰ መምህሩም ቢመጡ፣ እኔም ብሆን።» በሳምንቱ ይህን በግድግዳው በኩል የሚሰሙት የእኔ ልጆች እንኳ በቃላቸው ይሉት ጀመር።

የዘንድሮው ክብ ላይ ግን አንድ የሚያስጨንቅ ካርድ ነበረበት፤ የሂዮሪ ካርድ።

ሂዮሪ ትምህርት ቤት ውስጥ አትናገርም። እናቷ እንደሚሉት ቤት ውስጥ ወሬዋ አያልቅም፤ የትምህርት ቤቱን በር ስታልፍ ግን ድምጿ እምቢ ይላታል። እልኸኛ ሆና አይደለም፤ ልናገር ብትልም አይወጣላትም። አምና በሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ። ተራዋ ሊደርስ ሲል አዘንኩላትና ካርዷን ከክቡ አንስቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሂዮሪ በማግሥቱ መጥታ ክቡን አየች፣ ስሟ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዷን አመማት። ሁለት ወር ከቤት አልወጣችም። እንደገና ስትመለስ እኔን ቀና ብላ አላየችኝም፤ እውነቷን ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ እናቷ መጥተው መምህርት ኩራሞቺን የለመኑት አንድ ነገር ነበር። «ትሳሳት፣ ታፍር፣ የፈለገው ይሁን። ካርዷን ብቻ አያንሱባት። አሁን ደግሞ ከቀረች የምትመለስ አይመስለኝም።»

መምህርት ኩራሞቺ ነገሩን እንደ ጨርቅ መስቀያው ለኩት። ሂዮሪን ከኢቡኪ ጋር አጣመሯት። ኢቡኪ አፉ የማይዘጋ ልጅ ነው፤ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ የእኔ ክፍል ይሰማል። እሱ ድምፅ ይሆናል፣ እሷ እጅ ትሆናለች። እሱ ሲያዝ እሷ ትእዛዙ በትልቁ የተጻፈበትን ወረቀት ታነሣለች፤ ሰሌዳውና መዝገቡ የእሷ ነው። ተራቸው በሚያዝያ መጨረሻ ማክሰኞ ቀን ላይ ዋለ።

ማክሰኞ ጠዋት የመምህራን ክፍል ስልክ ጮኸ። የኢቡኪ እናት ነበሩ። ልጁን ጆሮ ደግፍ ይዞታል፤ ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቷል።

መምህርት ኩራሞቺ ስልኩን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ እንዲህ ያለ ጭንቀት አይቼ አላውቅም።

«ቀላል ነው» አልኳቸው። «የሁለቱንም ተራ ያሳልፉት። ኢቡኪ ሲድን አብረው ይገባሉ።»

«አምናም ቀላል ነበር አይደል?»

ግን ሌላ መንገድም አልታያቸውምና «እሺ፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» ብለው ወጡ። ተከትያቸው ሄድኩ። ዘግይተን ነበር። ሂዮሪ ከሁሉም ቀድማ ገብታ የተረኛውን ምልክት ደረቷ ላይ አድርጋለች፣ ሰሌዳውን ጠርጋለች፣ በስተቀኝ ጥግ ቀኑን ጽፋ ከሥሩ «ተረኛ፦ ኢቡኪ፣ ሂዮሪ» ብላለች። መምህርት ኩራሞቺ ይህን ሲያዩ ሊነግሯት የመጡትን ተዉት።

ጠዋቱ ከጠበቅነው በላይ ሰመረ። ሂዮሪ «ተነሡ» የሚለውን ወረቀት ስታነሣ ሠላሳ ልጅ ብድግ አለ። ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ልጆቹ ነገሩን እንደ ጨዋታ ወደዱትና ራሳቸውም ዝም ብለው መታዘዝ ጀመሩ። ግድግዳዬ ጸጥ አለች። እንዲህ ያለ ሰላማዊ ጠዋት አግኝቼ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ምነው በየቀኑ ሂዮሪ ተረኛ በሆነች አልኩ።

ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ምሳ ሆነ። ሩዝ በካሪ ወጥ። የእኔ ልጆች ነጭ ሽርጣቸውን ለብሰው አደሉ፣ ተረኛው እጁን አጣምሮ ከምግብ በፊት የሚባለውን የምስጋና ቃል፣ «ኢታዳኪማስ»፣ አለ፣ ሁላችንም ደገምነው፣ መብላት ጀመርን። ሰሐኔን አጋምሼ ቀና ስል ከጎረቤት ምንም ድምፅ እንደማይመጣ ልብ አልኩ። ማንኪያ እንኳ አይሰማም። ወተቴን እንደያዝኩ ወጣሁና በበሩ አጮለቅሁ።

ሠላሳ ልጅ እጁን አጣምሮ፣ አፍንጫውን ካሪው ላይ ደፍቶ ተቀምጧል። ሂዮሪ ሰሌዳው ፊት ካለው የተረኛ ወንበር አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ የእሷም ሰሐን ፊት ለፊቷ አለ። ጆሮዎቿ ቀልተዋል።

ወዲያው ገባኝ። መምህርት ኩራሞቺ ለሁሉ ነገር ወረቀት አዘጋጅተዋል፣ ለዚህች አንዲት ቃል ግን አላዘጋጁም። ኢታዳኪማስ ትእዛዝ አይደለችማ! ተረኛው ሲላት ሁሉም አብሮ የሚላት ቃል ናት፤ እሷ ሳትባል ደግሞ በዚህ አገር አንድ ልጅ ማንኪያ አያነሣም።

«እሺ ልጆች» አሉ መምህርት ኩራሞቺ፣ «ዛሬ እኔ ልበልና…»

«ቲቸር!» አለ ጋኩ። ጋኩ የክፍሉ ትልቁ በላተኛ ነው። «ተረኛ አይደሉም እኮ! እርስዎም ቢሆኑ አይነኩም ብለውናል!»

«አዎ ቲቸር፣ ‹እኔም ብሆን› ብለዋል!» አሉ ከኋላ።

«አውቃለሁ፣ ግን ካሪው…»

«ታዲያ እኔ ልበለው?» አለ ጋኩ።

«አንተ ደግሞ ምንህ ተረኛ ነው!» አለችው አጠገቡ ያለችው ልጅ። «ሆድህ ነው ተረኛ!»

ሳቅ ሆነ፤ ግን አንድም ልጅ የተጣመረ እጁን አላላላም። መምህርት ኩራሞቺ ወደ በሩ መጡ።

«ቃሉን እርስዎ ይበሉት በቃ!» አልኳቸው በሹክሹክታ። «የልጆች ሕግ ነው እንጂ የመንግሥት አዋጅ አይደለም!»

«ያወጣሁትን ሕግ ራሴ ሻርኩት ተብሎ እንዳይሣቅብኝ ብዬ አይደለም» አሉኝ። «አየህ፣ እሷ ቆማ እያለች እኔ ካልኩት ካርዷን አነሣሁባት ማለት ነው። ካላልኩት ደግሞ ሠላሳ ሰው በእሷ ምክንያት ተርቦ ሲያያት ነገ ትመጣለች?»

እሱን ነበር የፈራሁት። ሂዮሪ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተች። ዓይኗ እኛ ወደቆምንበት በር መጣ። ልትሮጥ ነው አልኩ። የአምናው ባዶ ቦታ ትዝ አለኝና ከበሩ ገለል አልኩላት፤ መሮጥ ከፈለገች እንኳ እኔ እንዳልከለክላት።

ያኔ የጋኩ ሆድ ጮኸ። ረዥም፣ ልመና የሚመስል ድምፅ ነበር። ጋኩ ራሱ ደነገጠ። ሂዮሪ ወደ እሱ ዞረች፤ ዓይኑ ካሪው ላይ እንደተተከለ እጁን ግን ግጥም አድርጎ እንደያዘ አየችው። ከዚያ የተጣመሩ እጆቿን ፈታች፣ ማንኪያዋን አነሣች፣ ከሰሐኗ አንድ ጉርሻ ዛቅ አድርጋ ቆማ በላች።

ከመቶ ልጅ አንዱ የማይደፍረውን፣ ቃሉ ሳይባል መብላትን፣ ያችው ዝምተኛዋ ደፈረችው። አላመጠች፣ ዋጠች፣ ማንኪያውን አስቀምጣ እንደገና እጇን አጣመረች።

«በላች!» አለ ጋኩ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ተረኛዋ በላች! ተረኛዋ ከበላች ተጀመረ ማለት ነው!»

«ኢታዳኪማስ!» ብሎ ሠላሳ ልጅ አንድ ላይ ጮኸ። የእኔ ክፍል ምን መጣ ብሎ ወደ መተላለፊያው ፈሰሰ። ማንኪያው መንኳኳት ጀመረ። መምህርት ኩራሞቺ የበሩን መቃን ይዘው ይሥቁ ነበር፤ ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ፣ እንባቸው እስኪወርድ። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲሥቁ አላየኋቸውም። እኔም ወተቴን ሸሚዜ ላይ አፈሰስኩት።

በዚያ ቀን ምሳው ስለዘገየ ድስቱ ዘግይቶ ተመለሰ፣ ወጥ ቤቶቹ አጉረመረሙ፣ ጽዳቱም ተገፋ። ሂዮሪ የቀኑን መዝገብ የምትጽፍበት ጊዜ ስላልቀራት ደብተሩን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። እኛ ግን ገና አልተደሰትንም። አምናም የቀረችው በማግሥቱ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ተማሪዎች ጫማ መደርደሪያ ስወርድ መምህርት ኩራሞቺ እዚያ ቆመዋል።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?» አሉኝ።

«ጫማዬን ላስተካክል።»

«የመምህራን መደርደሪያ በዚያ በኩል ነው።»

«የእርስዎም በዚያ በኩል ነው» አልኳቸው። ጎን ለጎን ቆመን በሩን ማየት ጀመርን።

ልጆቹ የውጭ ጫማቸውን በቤት ውስጥ ጫማ እየቀየሩ ገቡ። ጋኩ ገባ። የሂዮሪ የቤት ውስጥ ጫማ ሳጥኗ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ሆነ። መምህርት ኩራሞቺ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ። እኔ ስለ እናቷ አሰብኩ፤ ምን ብለን ነው የምንደውልላቸው?

ከዚያ በግቢው በር በኩል እየሮጠች መጣች፣ ደብተሩን በሁለት እጇ አቅፋ። ጫማዋን ቀየረች፣ ደብተሩን በሁለት እጅ ለመምህርት ኩራሞቺ ሰጠች፣ እጅ ነሣች። ለእኔም እጅ ነሣች፤ ቀና ብላ እያየችኝ። ወደ ላይ ወጣች።

መምህርት ኩራሞቺ መዝገቡን እዚያው ቆመው ገለጡት። በትከሻቸው በኩል አነበብኩ።

«ዛሬ ምሳ ሰባት ደቂቃ ዘገየ። ካሪው ቀዝቅዞ ነበር፤ ጋኩ ግን ሦስት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ኢቡኪ ታሞ ተራው አለፈው። ሰው ስሙ ሲዘለል የማይፈለግ ይመስለዋል። ስለዚህ ሲድን እንደገና ተረኛ ይሆናል፤ ብቻውን እንዳይቆም እኔም አብሬው እቆማለሁ።»

«ተመልከት» አሉ መምህርት ኩራሞቺ፣ «ፈቃድ እንኳ አልጠየቀችኝም!» ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ከመጨረሻው በፊት ያለችውን ዓረፍተ ነገር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት።

«አምና ብጠይቃት ኖሮ ይህንኑ ትጽፍልኝ ነበር» አልኩ።

«አዎ» አሉኝ፤ ሳይራሩልኝ፣ ሳይቆጡኝም። «ትጽፍልህ ነበር።»