እናቴ ምራቷን የመረጠችበት ቀን

እናቴ እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ነቬ ኢታማር ሰፈር በምትኖርበት ሕንፃ ውስጥ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነበሯት። አእምሯቸው ሲደክም ልጆቻቸው ማን ይወስንላቸው በሚለው ተጣሉና ፍርድ ቤቱ አንድ የማያውቁት ሰው አፖትሮፖስ፣ ማለትም ሞግዚት፣ ሾመላቸው። ሰውየው ደግ ነው፤ ግን አማርኛ አይሰማም። እሳቸው ደግሞ ዕብራይስጡ ጠፍቶባቸው አማርኛው ብቻ ቀርቷቸዋል። እናቴ ልትጠይቃቸው ሄዳ ስትመለስ፣ “ልጄ፣ እኔስ ልቤ ኸኔ ጋር ሳለ ልጨርሰው” አለችኝ።

ሰው አእምሮው ሲደክም ማን እንደሚወስንለት አስቀድሞ የሚያስጽፍበትን ውክልና የምታዘጋጅ፣ ከተማ መሃል ቢሮ ያላት ጠበቃ አገኘሁ። ወላጆቿ እንደ እኛ ጎንደሬዎች ናቸው፤ እሷ እዚሁ ናታንያ ተወልዳ አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች። እናቴን ይዘን እኔ፣ ወንድሜና ሚስቱ ሄድን። ጠበቃዋ ግን ገና ሳንቀመጥ፣ “እናንተ ውጭ ጠብቁ። ማንም ሳይጫናቸው ብቻቸውን ማናገር አለብኝ” አለችን።

ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ መንጎራደድ ጀመረ። የበኩር ልጅ ነውና መመረጡን አልተጠራጠረም። “ኢር ያሚም ካሉት አዳዲስ ፎቆች ወደ አንዱ እወስዳታለሁ፤ አሳንሰር አለ፣ ባሕሩም ይታያል” ይላል። ከውስጥ የሁለት ሴቶች ሳቅ ይሰማል።

ስንጠራ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች።

“ወሳኟ ምራቴ ናት” አለች።

“እኔ?” አለች የወንድሜ ሚስት። እኛ በሱዳን በኩል በእግር ስንመጣ፣ እሷ ሕፃን ሆና ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣች ናት። ከእናቴ ጋር ሳይከራከሩ የዋሉበትን ሰንበት አላስታውስም።

“አዎ፣ አንቺ! ልጆቼ ይወዱኛል፤ ስለሚወዱኝ ይዋሹኛል። ሐኪሙ ኸተናገረው ግማሹን ውጠው ግማሹን ነው የሚነግሩኝ። አንቺ ግን ያልጣመሽን ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ።”

“ታዲያ ስነግርዎት መቼ ሰምተውኝ ያውቃሉ?”

“ያን ጊዜማ መከራከሪያ አይኖረኝ፤ ደስ ይበልሽ!”

ጠበቃዋ ብዕሯን ጥላ ሳቀች። ምራቲቱም እየሳቀች አለቀሰች፤ ተነሥታ የእናቴን ጉልበት ሳመች። እኔ መጀመሪያ ትንሽ ቆጨኝ፤ ወዲያው ግን ከጫንቃዬ ሸክም የወረደ ያህል ቀለለኝ። እናቴም፣ ምራቷ ካልቻለች ተተኪዋ እኔ እንድሆን ደግሞ አስጻፈች።

ከዚያ ምኞቷን እንዲህ ስትል ዘረዘረች፦ ኢር ያሚም አልወጣም፤ ኸዚያ ፎቅ ላይ ቁልቁል ሳይ ራሴ ይዞራል። ባልመልስም በአማርኛ አውሩኝ። አስታማሚዎች በዕብራይስጥ “ሳፍታ፣ ሳፍታ”፣ አያቴ አያቴ እያሉ እንደ ደንቆሮ አይጩሁብኝ። ዓርብ ዓርብ ለሰንበት መግቢያ ነጭ ልብሴን አልብሱኝ።

ጠበቃዋ ሁሉንም መልሳ አነበበችላትና፣ “የራስዎ ፈቃድ ነው?” ብላ ጠየቀቻት።

“የማን ሊሆን ኑሯል!” አለች እናቴ፣ ፊርማዋን ቀስ ብላ እያሰመረች።

ስንወጣ ወንድሜ አኩርፎ ነበር፤ ሚስቱ፣ “ከእንግዲህ አለቃህ ነኝ” ስትለው እሱም ሳቀ። ባሕሩ ዳር ወርደን አይስክሬም በላን።

የእናቴ አእምሮ ዛሬም ጤነኛ ነው፤ ሁሉን በራሷ ትወስናለች። ሐኪም ጋር የምትሄደው ግን ከምራቷ ጋር ነው። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ “የልቤ ምት ትንሽ ደክሟል አሉ፤ ምራቴ አንዲት ቃል ሳትደብቅ ነገረችኝ” አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ከሥጋት ይልቅ ኩራት ነበር።