በፍሪጁ በኩል

ሰብስቤ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ድረስ እሱ ያልነካው ቧንቧ ከተገኘ፣ ያ ቧንቧ ገና ከሱቅ አልወጣም ማለት ነው። ደንበኞቹ እንደሚሉት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ የከረመ ቧንቧ ሰብስቤ በር ላይ ሲያስል ከሰማ በድንጋጤ ቀጥ ይላል። ለውሃ ሁሉ መላ የማያጣው ይህ ሰው ታዲያ ኑሮው የተናጋው ስለ ውሃ በተናገራት አንዲት ቃል ነው።

እሱና ሚስቱ ምህረት «የማለዳ ቤት» የሚባለው ጉባኤ ውስጥ ከገቡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። የገቡት ምህረት ሁለተኛው ጽንስ በጨነገፈባት ሰሞን ነበር። ያኔ የጉባኤው እህቶች መጥተው አርባ ቀን አብረዋት ተቀመጡ፤ አጠቡላት፣ አበሰሉላት፣ ስታለቅስ አብረው አለቀሱ። ዘመድ በሦስተኛው ቀን ወደየሥራው ሲበተን እነሱ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ በኋላ ልጅ አልመጣም፤ እህቶቹ ግን አልቀሩም። ምህረት ይህን አልረሳችም፤ ሰብስቤም ቢሆን አልረሳውም።

የጉባኤው መሪ ግሩም ድሮ አስኮ ውስጥ ምንጣፍ ነጋዴ ነበር። አንድ ምንጣፍ ሊገዛ የገባ ሰው ሦስት ተሸክሞ፣ ለአራተኛው ቀብድ ከፍሎ ነበር የሚወጣው ይባላል። አሁንም ማንንም «ተው» ብሎ አይከለክልም፤ በለሰለሰ ድምፅ ይጠይቃል እንጂ። «እኛ እያለን እድር ምን ያደርግላችኋል?» ሲላቸው ከእድር ወጡ። «የሥጋ ዘመድ ከእኛ በላይ ያውቃችኋል?» ሲላቸው ከዘመድ ሠርግም ከለቅሶም ቀሩ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ ባልና ሚስቱ ከጉባኤው ውጭ የሚያውቁት ሰው ፊት ለፊታቸው ሱቅ ያለው ጀይሉ ብቻ ሆነ። እሱም የተረፈው ዘይትና ሳሙና ስለሚሸጥ ነው።

በማለዳ ቤት ጥርጣሬ «ዝገት» ይባላል። ዝገት በወሬ ይተላለፋል ስለሚባል፣ የዛገ ሰው ዝገቱን በጉባኤ ፊት እስኪያራግፍ ድረስ ማንም አያናግረውም። የገዛ ሚስቱም ብትሆን።

ሰብስቤ የዛገው ሐሙስ ቀን ነው። ጉባኤው በሚሰበሰብበት መጋዘን ውሃ ከጠፋ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። ግሩም እጁን ቧንቧው ላይ ጭኖ ጸለየ፤ ቧንቧው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ውሃውን ለቀቀው። መጋዘኑ ተናወጠ። ሦስት ሴቶች ወደቁ፣ አንድ ሰውዬ ባልዲ ሙሉ ጨልጦ ጉበቴ ታጠበ አለ፣ በዘጠና ዓመታቸው ከዘራቸውን የወረወሩ አዛውንት ከዘራው ያረፈበትን ሰው ይቅርታ ሲለምኑ ዋሉ። ሰብስቤም ከልቡ ሲያጨበጭብ ነበር። እያጨበጨበ፣ አጠገቡ ወደቆመው ሰው ዞር ብሎ፣ «ሐሙስ እኮ የዚህ ሰፈር የውሃ ፈረቃ ነው» አለ። ክፋት አልነበረበትም። የሙያ ነገር ሆኖበት ነው።

ቃሏ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ግሩም ጆሮ ገባች። ግሩም አልተቆጣም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወንድማችን ዛገ አለ፤ ዝገት ደግሞ ከአንዱ ቧንቧ ወደ ሌላው ስለሚሄድ ተጠንቀቁ አለ። ሰብስቤ አሁን የሚተከለው ቧንቧ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም ሊል አፉን ከፈተ። የምህረትን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እያቀፉ ጎድኑን ሊሰብሩት ይደርሱ የነበሩ ወንድሞች ሲያዩት መንገድ ይሻገሩ ጀመር። አንዱማ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ መቀመጡን ሲያውቅ በመስኮት ሊወጣ ሲል፣ እግሩን ይዞ ያስቀረው ረዳቱ ነው አሉ። ጀይሉ ብቻ፣ ያለወትሮው ጮክ ብሎ ሰላም ይለው ጀመር። ሰላምታው አየር ጤና ድረስ ይሰማል።

ቤት ውስጥ ግን ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ምህረት ምሳ ታቀርባለች፣ ልብሱን አጥባ ታጥፋለች፣ ድምፅ የለም። በዘጠነኛው ቀን ሰብስቤ ለሥራ ሊወጣ ሲል ዝናብ ይዘንብ ነበር። ምህረት ወደ ፍሪጁ ዞረች።

«አንተ ፍሪጅ» አለችው፣ «በዚህ ዝናብ ጃንጥላ ሳይዝ የሚወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሰብስቤ በሩ ላይ ቆመ። እሱም ወደ ፍሪጁ ዞረ። «ጃንጥላው ጠፍቶበት ነው በላት።»

«ቁም ሳጥኑ ኋላ ነው በለው።»

ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ዕረፍት አጣ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተደምረው በዕድሜያቸው ያልሰሙትን ጉዳይ በወራት ውስጥ ሰማ። የማን ቤት ባኞ እንደተደፈነ፣ የምህረት ጉልበት እንዴት እንዳደረ፣ ምስሩ ጨው እንደበዛበት፣ ሁሉም በእሱ በኩል አለፈ። መብራት በጠፋ ቀን እንኳ አላሳረፉትም። ሰብስቤ በሳምንት ሁለቴ ይወለውለው ጀመር። እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ባልና ሚስቱ ከዝገቱ በፊት ይህን ያህል አውርተው አያውቁም፤ ያኔ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ጉባኤው ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት ሰብስቤ፣ «እስቲ ጠይቅልኝ» አለ ለፍሪጁ፣ «ይህቺ ሴትዮ እስካሁን ትወደኛለች?»

ምህረት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ አያፍርም ወይ በለው።»

«እኔ አይደለሁም፣ ፍሪጁ ነው ማወቅ የፈለገው በላት።»

ምህረት ሳቀች። ፍሪጁን ረስታ፣ ሰብስቤን ዓይን ዓይኑን እያየች ሳቀች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

በማለዳ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም የደበቀውን ወረቀት ላይ ጽፎ ለመሪው ይሰጣል። ሌላው «ምቀኝነት» ወይም «ቁጣ» ብሎ አንድ ቃል ጽፎ ይገላገላል። ምህረት መዋሸት አትችልበትም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የሰጠችው ወረቀት አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ጀርባውም ጭምር ይሞላል። እስከዚያ ፍሪጅ ማናገር ጥፋት አልመሰላትም ነበር። በዚያ ቅዳሜ ግን አጭር ጻፈች፦ «ከፍሪጅ ጋር አወራለሁ። ፍሪጁ ግን ባለቤቴ ነው።»

ግሩም አንብቦ አልሳቀም። ሰብስቤ እስከ ማክሰኞ ቀርቦ ዝገቱን ካላራገፈ፣ ምህረት ባሏን ትታ አስኮ ያለው የጉባኤው እህቶች ቤት ትገባለች ተባለ።

ምህረት ይህን ለፍሪጁ ነገረችው። «ማክሰኞ እሄዳለሁ በለው።»

«አትሂጂ በላት።»

«ብቀር ማን አለኝ? በለው። እኔ ብታመም ማን ይቀመጣል? እሱ ቢሞትስ ማን ይቀብርልኛል በለው።»

ሰብስቤ በጣቱ ቆጠረ። እድር የለም፣ ዘመድ የለም። ጀይሉ አለ ሊል አሰበ፤ አንድ ጀይሉ ግን ብቻውን ሬሳ አይሸከምም።

በማግስቱ ጀይሉን ለምኖ ቤቴል ወዳለችው የገዛ እህቱ ሙሉወርቅ አስደወለ። እራሱ ለመደወል አፈረ። እሺ ይምጣ ስትል ሄደ። የሚለውን ሁሉ በር ላይ ቆማ ሰማችው፤ ከጉባኤው ብንወጣ ሰው ትሆኑናላችሁ ወይ ነው የሚለው። ሙሉወርቅ ክፉ ሴት አይደለችም። «የባለቤቴ ለቅሶ ቀን ድንኳን ውስጥ ወንበር ይዤልህ ነበር» አለችው፤ «እስከ ሦስተኛው ቀን ማንንም አላስቀመጥኩበትም።» ግባ ብላው ነበር፤ እሱ ግን ደጃፉን ሳያልፍ ተመለሰ።

ማክሰኞ ጉባኤ ፊት ቆመ። ግሩም በለሰለሰ ድምፁ፣ ያ ውሃ በምን እንደመጣ ጠየቀው። ሠላሳ ዓመት ስለ ውሃ ለማንም ዋሽቶ የማያውቀው ሰብስቤ፣ «በእጅዎ ነው» አለ። ፈረቃስ ሲባል፣ ፈረቃ የሚባል የለም አለ። መጋዘኑ እንደገና ተናወጠ። ያቀፉት ሰዎች ሰልፍ በር አልፎ አስፋልት ደርሶ ነበር፤ ሁለት ዙር የተሰለፈም አይጠፋም።

ቤት እንደገቡ ምህረት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ሰብስቤ» አለችው። ስሙን ስትጠራው በአሥራ አንድ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ክንዱን ይዛ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ያላወራችውን ሁሉ ታወራው ጀመር። እሱም ጎን ለጎኗ ተቀምጦ ድምጿን ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው።

«ውስጥህ ጠርቷል አይደል? እውነት በእጁ ነው ብለህ ታምናለህ?»

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር።

«የምትለኝን ቅዳሜ መጻፍ እንዳለብኝ ታውቃለህ» ብላ ጨመረች። ልታስፈራራው አልነበረም፤ መዋሸት ስለማትችል አስቀድማ ማስጠንቀቋ ነው። ከዚህ በላይ ልትወደው የምትችልበት መንገድ አልቀረላትም ነበር።

«ጠርቷል» አላት።

ከዚያ ወዲህ ማውራት ተፈቅዶላቸዋል። ሰብስቤ እያንዳንዷን ቃል ከመልቀቁ በፊት እንደ አዲስ መስመር ይፈትሻታል፤ የምታፈስ ከመሰለችው ይዘጋታል። ሲስቅ በልኩ ይስቃል። ስለ ሥራው ሲያወራ የሚዘላቸው ቀኖች አሉ፤ አንዱ ሐሙስ ነው። ምህረት ግን ጎበዝ ሴት ናት፤ ስለ ሁሉም ነገር ትጠይቀዋለች፣ ስለ ደንበኞቹ፣ ስለ ጀርባው ሕመም፣ ስለ ሕልሙ ሳይቀር።

ባለፈው ሰሞን ምሳ እየበሉ፣ ጉርሻ እንደያዘች እጇ መሃል መንገድ ቆመ።

«ሰብስቤ፣ ለምን አታወራኝም?»

«እያወራሁሽ አይደል?» አላትና ጉርሻውን ተቀብሎ፣ ስለሚቆፈረው መንገድ ቀጠለ።