በሲኒ የገባው ጨው

«ቡና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምግብ የሆነው?» አለች እናቴ።

«ጨው የትም ቢገባ ጨው ነው፣ እማዬ» አለች እህቴ። ዱብሉቅ ከተማ ነርስ ናት። አባታችን መውደቁን ሰምታ ሁለት መኪና ቀይራ ነገሌ፣ ቤታችን ገባች፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ገና አላወረደችም። «በቀን ስንት ሲኒ ይጠጣ ነበር?»

«እንደ ሰው።»

«ስንት?»

«ጠዋት ሦስት፣ ከሰዓት ሦስት።»

አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቷል። ቀኝ ጎኑን ስትሮክ ከመታው አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ከሆስፒታል ያመጣነው ትናንት ነበር።

ወላጆቼ ከጉራጌ አገር ሲመጡ ቡናን በጨው የመጠጣት ልማዳቸውን ይዘው ነው የመጡት። የቦረና ጎረቤቶቻችንም ቡናቸው ጨው አያጣም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከማንም ተጣልተን አናውቅም።

አባቴ የደም ግፊት እንዳለበት ሲነገረው ሐኪሙ «ጨው ይተዉ» አለው፤ ተወ። የእሱ ወጥ ለብቻው በትንሽ ድስት ይሠራ ጀመር። አንዴ ይጎርስና «ሣር ነው» ብሎ ይስቃል። ሰርግ ቤት ሄዶ እንኳ ሳይቀምስ ይመለስ ነበር። እናቴ አዘነችለት፤ ባዘነችለት መጠን በሲኒው ጨው ጨመረችለት። በፊት በጣቷ ጫፍ እየቆነጠረች ነበር፣ ኋላ በማንኪያ ሆነ። ሐኪሙ ስለ ወጡ እንጂ ስለ ቡናው አልጠየቀም፤ እኛም አልነገርነውም።

እኔ ማንኪያውን አይቻለሁ። ፍቅር ነው ብዬ ሁለት ስንኝም ቋጥሬበታለሁ።

«አንተም ታይ ነበር?» አለችኝ እህቴ።

«አዎ፣ አይ ነበር።»

«እና?»

ዓይኔን ወደ ጀበናው መለስኩ።

«ልግደለው ብዬ ነው?» አለች እናቴ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «የአፉን ጣዕም ሁሉ ወሰዳችሁበት። አንድ ነገር እንኳ ይጣመው ብዬ ነው።»

«ገደልሽው ማን አለሽ?»

«አፍሽ አላለም። ፊትሽ ይላል።»

ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ አጉረመረመ። ከወደቀ ወዲህ ቃል የለውም። ጠዋት ከአሬሮ የመጣ የከብት ነጋዴ ወዳጁ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ደህንነቱን ሲጠይቀው ግራ እጁን ብቻ አነሳለት። እናቴ ግን ምን እንደፈለገ ገባት። ተነስታ ከጀበናው ቀዳች። እጇ ወደ ጨው ዕቃው ሄደ። እህቴ አየቻት። እጇ ተመለሰ።

እናቴ ራሱን ደግፋ ቡናውን በማንኪያ ወደ አፉ አደረሰችለት። መዋጥ ይችላል፤ ጠዋት ወተት ወስዷል። ቡናውን ግን ጥቂት አፉ ውስጥ ያዘውና በከንፈሩ ጥግ እንዲፈስ ለቀቀው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናቴ አገጩን በነጠላዋ ጠረገችለት። ሲኒውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ የጨው ዕቃውን አይታ ተነሳች።

«ወዴት ነሽ?» አልኳት።

ጫማዋን ሳታጠልቅ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።