በኑግ ዘይት የተነከረው ኮምፒዩተር

የሞቀ የኑግ ዘይት ሽታ በየትኛውም ቤት በር ሳልፍ ሲመጣብኝ፣ ሌላው ሰው ምራቁን ይውጣል፣ እኔ ግን የአጎቴን የይበልጣልን ፊት አያለሁ፤ ያን ሳይጠየቅ የሚያስረዳ፣ ሲሳሳት ደግሞ ይበልጥ የሚያበራ ፊቱን። ስንት ዓመት አልፎም ይህ ሽታ ለእኔ የጅል ሽታ ነው።

ይበልጣል የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ኮሌጁን አቋርጦ ከባሕር ዳር ተመለሰና ጋይንት ውስጥ አርብ ገበያ ከተማ ካለው ቤታችን በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል ያዘ፤ ከዚህም ከዚያም የለቃቀመውን ዕቃ ገጣጥሞ ኮምፒዩተር ሠርቶም በየሳምንቱ ዐርብ ለገበያተኛው በሚሞሪ ካርድ ዘፈንና መዝሙር ይጭን ነበር። በዚህ ቢበቃው ማንም ምንም ባላለው። እሱ ግን በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ኢንጂነር ይበልጣል» ብሎ አስጻፈ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሙ ብቻ የጠራውን ሰው ሰላምታ አይመልስም ነበር።

አባቴ ድጓን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዓመት ዜማ፣ እዚያው ጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም ያስመሰከረ መምህር ነው። የዚያን ዓመት መስከረም ጉሮሮው ታሞ፣ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና እንደማይቀርለትና ከዚያ በኋላ ድምፁ እንደማይመለስ ነገሩት። እናቴ አልቅሳ ስትጨርስ ወደ ወንድሟ ክፍል ሄደችና፣ «የኔታ ድምፃቸው ሳይሄድ እዚያ ዕቃህ ውስጥ አስቀምጥልን» ብላ ለመነችው። አባቴ ማይክ ፊት መቀመጡን አልወደደውም፤ ሆኖም በመኸሩ ወራት፣ ተማሪዎቹ ቁራሽ ፍለጋ ሲወጡ፣ ጋቢውን ተከናንቦ እየመጣ፣ ከዘመን መለወጫው ከዮሐንስ ጀምሮ የየወቅቱን ዜማ ከጉሮሮው ሕመም ጋር እየታገለ ያዜም ነበር። እኔ ከበሩ ኋላ ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ ቁም ነገር የተሠራው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እናቴ አንድ ቀን፣ «በፍላሽም ገልብጥልኝ፣ ሳጥኔ ውስጥ ላኑረው» ብትለው፣ «ፍላሽ ይጠፋል እታለም፤ እኔ ጋ የገባ ነገር አይጠፋም» አላት።

ጥር ገብቶ ውቂያው ሲጦፍ፣ ከአውድማዎቹ የሚነሣው የገለባ ብናኝ ከተማችን ድረስ እየመጣ የኮምፒዩተሩን ማራገቢያ ያንቀው፣ ማሽኑም እየጋለ ድርግም ይል ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ብናኙን ይጠርግና መስኮቱን ይዘጋ ነበር። ይበልጣል ግን ፈረንጆች ኮምፒዩተራቸውን በማዕድን ዘይት ውስጥ ነክረው ሲያቀዘቅዙ በስልኩ ቪዲዮ አይቶ ነበርና፣ መስኮት መዝጋት ከደረጃው በታች ሆነበት። ከአንዲት ባለ ሳምቡሳ የመሸጫዋን የመስታወት ሣጥን ገዝቶ፣ ማዕዘኑን በሲሊኮን ደፍኖ፣ መድኃኒት ቤት ያገኘውን የፓራፊን ዘይት ሁሉ ቢያፈስበት ግማሹን እንኳ አልሞላ አለው። ያን ጊዜ፣ ዘይት ሁሉ ያው ዘይት ነው ብሎ፣ እናቴ ለዐቢይ ጾም ያስጨመቀችውን የኑግ ዘይት ከነጄሪካኑ አምጥቶ ገለበጠበት። «ጾሙን በምን ልንወጣው ነው?» ስትለው፣ «ምን አለበት እታለም፣ በቅቤ አልነከርኩትም፤ ማሽኑም ይጹም እንጂ» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ያን ጾም እኛ ሽሮውን በውኃ ብቻ እየሠራን በላን፣ ኮምፒዩተሩ በዘይታችን ዋኘ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ መሥራቱ ነው። ለጊዜው አልጋለም፣ ድምፅም አልነበረውም፤ በቢጫው ዘይት ውስጥ ትናንሾቹ መብራቶች ብልጭ ድርግም ሲሉ ለማየት ገበያተኛው አህያውን ደጅ አስሮ እየገባ አፉን ከፍቶ ይቆም ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ሳይቀር መጥቶ፣ መስታወቱን በጣቱ አንኳኩቶ፣ «ወይ ጭንቅላት!» ብሎ ሄደ። ለዚያ መምህር ዛሬም አፍርለታለሁ።

ከዘይቱ ውጭ የቀረው ሐርድ ዲስኩ ብቻ ነበር። መተንፈሻ ቀዳዳ ስላለው ዘይት እንዳይነካው ቪዲዮው ላይ ተነግሯል፤ ይህን ያወቅነውም ከራሱ ከይበልጣል አፍ ነው፣ በየዕለቱ ለጎብኚ ሁሉ ያስረዳው ነበርና። የአባቴ ድምፅ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አባቴ የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓውን፣ አዚሞ ጨርሶ ለሕክምናው ባሕር ዳር ከሄደ በኋላ፣ የወረዳ ሰዎች ፈጠራውን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። በሽቦ የተንጠለጠለው ሐርድ ዲስክ ለይበልጣል ዓይን አስቀያሚ ሆነበት። «እንደ በግ አንጀት ተንጠልጥሎ በእንግዳ ፊት ያሳፍረኛል» አለና እሱንም ዘይቱ ውስጥ ከተተው። እንግዶቹ አልመጡም።

አባቴ ፋሲካ አልፎ፣ አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከትንፋሽ የማይሻል ሹክሹክታ ብቻ ይዞ ተመለሰ። እግሩን ከታጠበ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀው የገዛ ድምፁን እንዲያሰሙት ነው። ሁላችንም ክፍሏ ውስጥ ተሰበሰብን። ዘይቱ ሻግቶ፣ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ እንደ ሙጫ ተለጥፎ ነበር። ይበልጣል ማብሪያውን ሲጫን ሐርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለና ዝም አለ፤ ደገመው፣ ዝም አለ። እጁን እስከ ክርኑ ዘይት ውስጥ ከትቶ ሲዳብስ ቆየና፣ «የኔታ፣ ጥፋቱ የኑጉ ነው፤ እታለም በደንብ አላስጣራችውም» አለው።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝ ጥላቻ እንኳ አልነበረም፤ አንድን ትልቅ ሰው ከልቤ መናቅ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። አባቴ ሣጥኑን ብዙ ጊዜ ተመለከተውና ወደ ይበልጣል ጠጋ ብሎ፣ በዚያች ትንፋሹ፣ «በል እንግዲህ፣ ለእኅትህ ዘይቷን መልስላት» አለው።

ክረምት ሲገባ ሣጥኑ ታጥቦ ለባለ ሳምቡሳዋ ተመልሶ ተሸጠ። አባቴም በእሱ ፈንታ ከሚያዜመው ዋና ተማሪው አጠገብ ተቀምጦ፣ ዜማው ሲሳሳት በመቋሚያው መሬቱን እየመታ ማስተማሩን ቀጠለ።

ይበልጣል አሁን ሸብቷል፤ «ኢንጂነር» ግን ከበሩ አልወረደም። ሰርግም ይሁን ለቅሶ ሰው በተሰበሰበበት፣ በጋይንት ምድር ኮምፒዩተርን በዘይት ያቀዘቀዘ የመጀመሪያው ሰው እሱ መሆኑን ሳያወራ አይነሣም። ስለ አባቴ ድምፅ የጠየቀው ካለ፣ «ሳይንስ መሥዋዕት ይፈልጋል» ይላል፤ መሥዋዕቱ የማን እንደ ነበር ግን ረስቶታል።

እኔ ደብረ ታቦር ነው የምሠራው። ላፕቶፔ ሲግል ብናኙን በብሩሽ ጠርጌ መስኮቴን እዘጋለሁ፣ ይበቃዋል። ለበዓል ቤት ስሄድ ከአባቴ ጎን ቁጭ ብዬ ስልኬን ወደ አፉ አስጠጋለሁ፤ በኋላ ስከፍተው የሚሰማኝ ትንፋሹ፣ የመቋሚያው ምትና የዶሮዎቻችን ጫጫታ ነው። ያኔ ያ ሁሉ ዜማ በአንድ ሞኝ እጅ ነበር፤ ዛሬ በቤታችን ካለው ስልክ ትንሹ እንኳ የዓመቱን ድጓ በሙሉ ይይዛል።