እትዬ ሞተርና ፕላስቲክ የለበሰው ቶርኖ

ቶርኖው ኮሌጃችን ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ፕላስቲኩ ግን አልወለቀለትም። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ትልቅ አረንጓዴ ማሽን ነው። በየሳምንቱ ዓርብ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የማሽን ክፍሉን በር ከፍተው ይገቡና አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። የፕላስቲኩን አቧራ ማለቴ ነው። ከዚያ በሩን መልሰው ይቆልፉና ቁልፉን ደረት ኪሳቸው ይከቱታል። “ጋሼ ንብረት” እንላቸው ነበር።

እኔ የክፍሉ አሰልጣኝ ነበርኩ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት ተመርቄያለሁ፤ ቶርኖን የማስተምረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ በአራት ቀለም ጠመኔ እየሣልኩ ነው። ሥዕሌ ያምር ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ከሰልጣኞቼ አንድም የብቃት ምዘናውን ያለፈ የለም። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ “ማሽን ሳይነኩ እንዴት ይለፉ?” እያልኩ ጣቴን ወደ ጋሼ ንብረት እቀስር ነበር። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶ ያንን ጣት ሳስታውሰው አፍራለሁ። የማሽኑ መቆለፍ ከማንም በላይ የተመቸው ለእኔ ነበርና።

አዲሷ ዲን የመጣችው ምዘናው ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነው። በዕድሜ እናታችን ልትሆን ትችላለች፤ ግን በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ፣ “አንቱ እያላችሁ አታስረጁኝ” ብላ ገላገለችን። ስብሰባውን የመራችው ቆማ ነው። እየተናገረች መስኮት ትከፍታለች፣ የተዛነፈ ሰዓት ታቃናለች፣ ኮሪደር ላይ ኮቴ ከሰማች ወጥታ አይታ ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን ሰልጣኞቹ “እትዬ ሞተር” አሏት። ስሙን ያወጣችው ከአሥራ አራቱ የማሽን ሰልጣኞች አንዷ ናት፤ እሷን ደግሞ አፏ ስለማያርፍ “ዜና” ነበር የምንላት። የዲኗ ባል የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ሊወስዳት መጥቶ በር ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠብቅ፣ “የምነዳው እኔ ነኝ፣ የማትቆመው እሷ” ብሎ አስቆናል።

ዲኗ በአሥራ ሰባት ዓመቷ መለዋወጫ ፋብሪካ የገባችው የብረት ፍቅፋቂ ልትጠርግ ነበር። መጥረጊያዋን ተደግፋ የባለሙያዎቹን እጅ ስታይ ከረመች። አንድ ቀን አንዱ ሲታመም ቦታው ላይ ቆመች፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆማ ቀረች። ዲግሪዋን የያዘችው በማታ ተምራ ነው። ይህን ሁሉ እኛ የሰማነው በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምናየው ግራ አውራ ጣቷ ላይ ያለውን ረጅም ጠባሳ ብቻ ነበር።

በመጣች በሳምንቷ ጋሼ ንብረትን በር አስከፈተች።

“ጋሼ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው የተጀቦነው? አሞታል?”

“እንዳይበላሽ ነው እንጂ ምን ይሆናል።” አንቺ ሊሏት እምቢ ያሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ። “እርስዎ ገና አዲስ ነዎት። ሰልጣኝ ይመጣል ይሄዳል፤ ንብረት ግን ጠያቂ አለው።”

“ጠያቂውስ መቼ ነው የሚመጣው?”

“ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ነው የቀረኝ። ከዚህ ብረት ላይ አንዲት ብሎን ብትጎድል ክሊራንስ የለም ይሉኛል። ሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግዬ በሰው ልጅ እጅ ልዋረድ?”

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ የፕላስቲኩን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ማሽኑን አየች። ከዚያ፣ “በእኔ ስም ያዛውሩታ” አለች።

“ምን?”

“ርክክብ እናድርግ። ቢሰበር እኔን ይጠይቁኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሞኟ እኔ ልሁን፣ ወረቀቱን ያምጡት።”

ቅጹን ፕላስቲኩ ላይ ዘርግታ እንደቆመች ፈረመች። ጋሼ ንብረት ቁልፉን ሲያቀብሏት እጃቸው ለጥቂት ዘገየ። ወደ እኔ ዞራ፣ “ሰኞ ትጀምራለህ፤ እያንዳንዳቸው ብረት ይቁረጡ” አለችና መልሴን ሳትሰማ ወጣች። 

ቅዳሜና እሑድ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ አራቱም ማሽኑን ከበቡት። ብረቱን ጨምድዶ የሚይዝ መንጋጋ አለ፤ የሚጠብቀው በአንድ ትልቅ ቁልፍ ነው፤ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ቁልፉ ይነቀላል። ይህን ሕግ በቀይ ጠመኔ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! አእምሮዬ ያውቀዋል፣ እጄ ግን አያውቀውም። አጠበቅሁ፤ ቁልፉን እዚያው ትቼ ማስነሻውን ተጫንኩ።

ቁልፉ ተስፈንጥሮ የማሽኑን መብራት ሰባበረ፤ በዜና ራስ ላይ አልፎ የመስኮቱን መስተዋት ይዞ ወጣ። ማሽኑን እንዴት እንዳጠፋሁት አላስታውስም። ሁሉም እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቆሟል።

መጀመሪያ የተናገረችው ዜና ናት። የመብራቱን ስብርባሪ ከትከሻዋ ላይ እያራገፈች፣ “ቲቸር፣ ይሄ ሥዕሉ ላይ አልነበረም” አለች።

ጋሼ ንብረት እየሮጡ ደረሱ። “የፈሩት ይደርሳል! አላልኩም? አላልኩም ወይ? ይታሸግ! አጣሪ ኮሚቴ እስኪቋቋም ማንም እንዳይነካው!”

አጣሪ ኮሚቴ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ሲቋቋም ምዘናው ያልፋል፤ እነዚህም እንደ ቀደሙት ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። እትዬ ሞተር ከኋላቸው ገባች። መጀመሪያ ልጆቹን አንድ በአንድ አየች፤ የዜናን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወዲያና ወዲህ አዞረችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

“ማሽኑ ነው ወይስ ሰው ነው?”

ማሽኑ ነው ብል ይታሸጋል፤ እኔም ወደ ጠመኔዬ እመለሳለሁ። ማንም አይጠይቀኝም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አሥራ አራት ጥንድ ዓይን ያየኛል፤ ከሰባበርኩት መስኮት የሚገባው ነፋስ አንገቴን ይነካኛል።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “ቁልፉን ረስቼ ነው። ቶርኖ ላይ ሠርቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ለስልሳ ሰው አንድ ማሽን ነበር፤ ሲዞር አይቻለሁ።”

አንድ ሰልጣኝ ሳቁን በሳል አፈነ። ጭራሽ ከመሬት በታች ብገባ በወደድኩ።

እትዬ ሞተር እግሯን ማንቀሳቀስ ለአፍታ አቆመች። “ጥፋቱ የእኔ ነው” አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። “ትችላለህ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ነው ያስገባሁህ። ስቸኩል የሰው ነፍስ ላጠፋ ነበር።” ወደ ጋሼ ንብረት ዞረች። “ሪፖርቱን እኔ እጽፋለሁ፤ ማሽኑ በስሜ ነው። አይታሸግም።”

“ልጄ፣” አሉ ሰውየው። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ሲሏት ሰማሁ። “ከሥራሽ ያነሱሻል እኮ።”

“እስኪያነሱኝ ስንት ሳምንት ይፈጅባቸዋል?”

ጋሼ ንብረት አሰቡ። የመሥሪያ ቤቱን ፍጥነት ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። “ከስምንት አያንስም።”

“ምዘናው ስድስት ነው የቀረው። ይበቃናል።”

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እጥፋቱ ያልጠፋ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ መጣች። ወረፋ አሰለፈችን፤ እኔን መጨረሻ ላይ። ማስነሻውን የሚነካ ሁሉ አስቀድሞ ቁልፉን ከፍ አድርጎ ለሌሎቹ ያሳያል። ዜና ከፊቴ ሆና፣ “ቲቸር፣ ዛሬ ማን ስም ይጥራ?” ትለኛለች። ይቆጠቁጥ ነበር። ማታ ቤቴ እጄን ስታጠብ ጥቁሩ ዘይት አልለቅ ሲለኝ ግን ደስ ይለኝ ጀመር፤ ለምን እንደሆነ ለመግለጽ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ስድስቱን ሳምንት እሷ አንድ ቦታ አልቆመችም፤ ከእኛ ወደ እንጨት ሥራ፣ ከዚያ ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ እኛ። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷት ነበር። አጣጥፋ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ብረት ከምትለካበት ካሊፐር ጋር ይዛው ትዞር ነበር። በአራተኛው ሳምንት የምዘና ቅጾቹን ስናስገባ አሥራ አምስት ሆነው አገኘኋቸው። አሥራ አምስተኛው ላይ በእሷ እጅ የተጻፈው የእኔ ስም ነው።

ውጤቱ የተለጠፈው ምዘናው ባለቀበት ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአሥራ አራቱ አሥሩ አለፉ። ዜና ጮኸች፣ ዘለለች፣ ጋሼ ንብረትን አቅፋ ባርኔጣቸውን ጣለች። የእኔ ስም ካላለፉት ጋር ነበር፤ የቀረጽኩት ብረት ከተፈቀደው ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ቀጥኗል።

“አይዞህ ቲቸር፣” አለችኝ ዜና ዓይኗን እየጠረገች፣ “ሳትለካ አትቁረጥ እያልክ ያስተማርከን አንተው ነህ።”

እትዬ ሞተር ዝርዝሩን በጣቷ ሁለት ጊዜ ወረደችበት። እንኳን ደስ ያላችሁ ትላለች ብለን ከበብናት። “አራቱ የታሉ?” አለች። ያላለፉት አራት ልጆች ከአጥሩ ሥር ተነሥተው መጡ። ፊታቸውን አየችና ወደ እኔ ጠቆመች። “ከሱ ጋር አምስት ናችሁ። እስኪያነሱኝ ሁለት ሳምንት አለኝ። ነገ አንድ ሰዓት ላይ እንገናኝ።”

“ነገ እኮ እሑድ ነው” አልኳት።

“ታዲያ ምን አለ፣ ወረፋው ያጥራል” አለች፤ ደረጃውን ግማሽ ወርዳ ነበር።